የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሮኬቱ ዝም ሲል

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ቴሌሜትረም ቦርድ (ሮኬት ውስጥ ተቀምጦ ከፍታ የሚለካና ፓራሹት የሚያስከፍት የበረራ ኮምፒውተር) እና መረጃውን በሬዲዮ የሚቀበል ቴሌዶንግል አለኝ። መከታተያው ሶፍትዌር አልቶስዩአይ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ቦርዱ በዩኤስቢ ገመድ ይታያል። ገመዱን ነቅዬ በሬዲዮ ስከታተል ግን መስኮቱ ባዶ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ በገመድ ከታየ ተበላሸ ለማለት አይቸኩሉ። ይልቅ ሲያበሩት እንዴት ይዘውት ነበር? ቴሌሜትረም ቀጥ ብሎ ቆሞ ከበራ ለበረራ ተዘጋጅቶ መረጃ መላክ ይጀምራል። ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ከበራ ግን ትእዛዝ ይጠብቃል እንጂ አይልክም። በጩኸቱ ይለዩታል፤ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር ካለ ለበረራ ቆሟል፤ ሁለት አጭር ብቻ ከሆነ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። አጥፍተው፣ አንቴናውን ወደ ላይ አድርገው እንደገና ያብሩት። በዚህ ሙከራ ጊዜ ባሩድ ያለበት ማቀጣጠያ አይገናኝ።

ቆሞም ዝም ካለ ሁለት ቁጥሮች ያመሳክሩ። ካልቀየሩት ድግግሞሹ 434.550 ሜጋኸርዝ ነው፤ የመላኪያ ፍጥነቱ ደግሞ በሴኮንድ 38400፣ 9600 ወይም 2400 ቢት ይሆናል። መከታተያው መስኮት ላይ የተመረጡት ከቦርዱ ጋር አንድ ካልሆኑ ምንም አይሰማም። 2400 ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ የሚሰማው እሱ ነው።

ቦርዱን በሬዲዮ ማስተካከል ከፈለጉ ነገሩ ይገለበጣል፦ ተጋድሞ ይብራ። የጥሪ ምልክቱም (የሬዲዮ ተጠቃሚው መለያ) በሶፍትዌሩና በቦርዱ ላይ ፊደል በፊደል ይግጠም፤ በላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንኳ ከተለያየ ትእዛዝ አይቀበልም። ለመከታተል ግን መግጠሙ አያስፈልግም፤ መረጃው እየመጣ ትእዛዙ ሲከለከል ግራ የሚያጋባው ይኸው ነው። ድግግሞሹ ለአማተር ሬዲዮ በተመደበው ክልል ውስጥ ስለሆነ ከማሰራጨትዎ በፊት የፈቃዱን ነገር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ከተማችን ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ዋናው ፓራሹት 250 ሜትር ላይ እንዲከፈት 2,150 ብዬ ልሙላ?

መልስ፦ አይሙሉ፤ 250 ብቻ ነው። ቦርዱ መተኮሻው ላይ ቆሞ ሳለ የአካባቢውን የአየር ግፊት ለክቶ ዜሮ ያደርገዋል፤ የሚቆጥረው ከዚያ በላይ ያለውን ነው። እርስዎ ሊፈሩ የሚገባው የመለኪያውን አሃድ ነው። ሶፍትዌሩ በሜትር ፈንታ በጫማ (ፊት) ተስተካክሎ 250 ከጻፉ 76 ሜትር ላይ ይከፈታል፤ በሴኮንድ 20 ሜትር ለሚወርድ ሮኬት ከአራት ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው። የቦርዱ ክፍል የአየር ቀዳዳ እንዳለውም ይዩ፤ ከታፈነ ዳሳሹ የውጭውን ግፊት ዘግይቶ ያነባል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ ሜዳው ላይ ኢንተርኔት ከሌለ የአልቶስዩአይ ካርታ ይታያል?

መልስ፦ ቤት ሳሉ ካወረዱት አዎ። ካርታ መጫኛው ላይ ለድሬዳዋ ኬክሮስ 9.6 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 41.87 ምሥራቅ ብለው ያስገቡ፤ ሜዳዎ ራቅ ካለ የራሱን ቁጥር ይጠቀሙ። ምሥራቅን በምዕራብ ከተሳሳቱ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ይወርዳሉ።