ባቡር የሄዱት እናት

ልጆቼ፣

ወጣት ሳለሁ እዚሁ አዳማ የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። አንድ ቀን አንዲት እናት ምስክር ሆነው ቀረቡና «ጠቡ ሲነሳ አልነበርኩም፤ ባቡር ሄጄ ነበር» አሉ። እኔ «ባቡር ጣቢያ ሄጄ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። «ጣቢያ» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ቀጥሎ የቀረበው ምስክር ደግሞ ወፍጮ ቤት በር ላይ አይቻቸዋለሁ አለ። ሴትዮዋ ዋሹ ሊባል ሆነ። ዳኛው ዕድሜ ጠገብ ነበሩ። ቀና ብለው «እማማ፣ ምን ይዘው ነበር የሄዱት?» አሏቸው።

«ጤፍ ነዋ!»

በሞተር የሚሠራውን ወፍጮ ባቡር የሚሉ ብዙ ነበሩ። እኔ ያደግኩት ሐዲዱ አጠገብ ስለሆነ ሌላ ባቡር አልመጣልኝም። እስክሪብቶው እጄ ላይ ሲያልበኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ቃሉ ከሩቅ ነው የመጣው። ሥሩ የላቲኑ «ቫፖር» ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። ዓረብኛ «ቭ»ም «ፕ»ም ስለሌለው በዚያ በኩል ሲያልፍ ባቡር ሆነ። እኛ ጋ ደግሞ ሰው የሚያጓጉዘውም እህል የሚፈጨውም በዚሁ ስም ተጠራ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። እንፋሎቱ ቀርቷል፤ ስሙ ግን አለ።

ስልክም እንዲሁ ነው። በዓረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ግን ሽቦ የለውም። ባጃጅ የፋብሪካ ስም መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እሱን ልለፈው።

እኩዮቼ «ፖሰትኩት» ስትሉ ይቆጣሉ፤ አማርኛው ተበላሸ ይላሉ። እኔ አልቆጣም። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስፈርም ኖሬያለሁ። ፊርማ እኮ ጣልያንኛ ነው! አማርኛ ተቀብሎ እንደ ራሱ ልጅ አረባው፤ ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረሙ። ዛሬ ባዕድ ነው የሚለው ሰው አላጋጠመኝም። የእናንተም «ፖሰተ» በዚያው መንገድ ነው የገባው። አትፈሩበት።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። አያቶቻችሁ የምታውቁትን ቃል ሲናገሩ ገባን ብላችሁ አትለፉ። «ምን ማለትዎ ነው?» በሉ። ሲመልሱላችሁም ቃላቸውን በራሳችሁ ቃል አትለውጡባቸው።

እኔ ያን ቀን ይህም አልገባኝም ነበር። የጻፍኩትን ሰርዤ «ወፍጮ ቤት» አልኩና አነበብኩላቸው። እናትየው አዩኝ።

«ባቡር ነው ያልኩት፣ ልጄ።»

ዳኛው «እንዳሉት ጻፈው» አሉኝ። እንደገና ሰረዝኩና ጻፍኩ፦ ጤፍ ላስፈጭ ባቡር ሄጄ ነበር።