«ቀይ ጤፍ እየበላሁ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?»

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍልዎ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጤና ጣቢያ የሰጡኝ የአይረን ኪኒን ስላቅለሸለሸኝና ዓይነ ምድሬን ስላጠቆረው ካቆምኩት ወር አለፈኝ። አማቴ «ቀይ ጤፍ ራሱ ደም ነው» ይላሉ። ሰሞኑን ዳገት ስወጣ ልቤ ይመታል። ጤፉ አይበቃኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፉልኝ ስለ ጤፍ ቢሆንም ያስጨነቀዎት ምጥ ላይ ደም ያንሰኝ ይሆን የሚለው ይመስለኛል። አይዞዎት፣ ጊዜ አለዎት።

አማትዎ ጤፍን ማመስገናቸው ልክ ነው። ካልሲየሙ ከስንዴ ይበልጣል። ደቃቅ ስለሆነ ሳይፈተግ ነው የሚፈጨው፤ ስለዚህ ፋይበሩ አይባክንም፣ ለሆድ ድርቀትም ይረዳል።

«ደም ነው» የሚሉት ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ቀለም ደም ቢሆን ቀይ ሥርም ደም በሆነ ነበር! ጤፍ አይረን አለው፣ አልክድም። ግን በምርመራ ከሚታየው አይረን ብዙው በሬ ሲያበራየው ከአውድማው የገባ አፈር ነው፤ እሱን ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። የቀረውንም ፋይቴት የሚባል ነገር ቆልፎ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አፍለኛውን ትተው በደንብ የቦካውን ይብሉ። ቃሪያ ወይም ሎሚ ይጨምሩበት። ቡናና ሻይ ከምግቡም ከኪኒኑም አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ። ይህን ሁሉ አድርገውም ለእርጉዝ አይበቃም። የምንጃርን ነጭ ጤፍ የምትበላዋም ብትሆን ኪኒኑን ትውጣለች።

አሁን ልቆጣ። ወር ሙሉ አቁመው ለአዋላጇ አለመንገር ምን ይሉታል? ዓይነ ምድር የሚጠቁረው ሰውነት ያልወሰደው አይረን ስለሚወጣ ነው፤ አይጎዳም። ካቅለሸለሸዎት ማታ ከእራት በኋላ ይዋጡት። ያመለጠዎትን ለማካካስ ሁለት ሁለት እንዳይውጡ፣ ከፋርማሲም «የደም ሽሮፕ» እንዳይገዙ።

ነፍሰ ጡር ዳገት ላይ ልቧ ቢመታ አይገርምም። አረፍ ብለው እያለ ከመታ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ዓይንዎ ከጨለመብዎ ወይም ደም ካዩ ግን ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ሌሊት ቢሆንም።

እነዚህ ባይኖሩም ነገ ሄደው ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር) ይለኩ። በእርግዝና ከ11 በታች ደም ማነስ ይባላል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ደግሞ ከዚያም ከፍ ማለት አለበት፣ ስለዚህ «11 ነው» ቢሉዎት ተደስተው እንዳይመለሱ። አማትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ፤ አዋላጇ ትንገራቸው።