«እሳተ ገሞራ ፈነዳ» የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እዚሁ ጎንደር ከተማ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። አንድ ተማሪዬ «የፋሲል ግንብ የታነጸበት ድንጋይ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ላቫው ሲደርቅ የተገኘ ነው» ብሎ ጻፈ። ባልደረባዬ ግን ጎንደር ውስጥ እሳተ ገሞራ ስለሌለ ዓረፍተ ነገሩ ከመሠረቱ ስሕተት ነው አለችኝ። ለእኔ ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ቃላቱ ያልተስማሙ መሰለኝ። «እሳተ ገሞራ» የሚያመለክተው ተራራውን ነው፣ እሳቱን ነው ወይስ ድርጊቱን? ላቫ «ደረቀ» ይባላል? «ኢግኒየስ አለት» የሚለውንስ «የእሳተ ገሞራ አለት» ብዬ ላስተምር እችላለሁ? የእሳተ ገሞራ ብዙ ቁጥርስ እንዴት ይጻፋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳቡ ትክክል ነው ማለትዎ ተገቢ ነው፤ ያልተስማሙትም ቃላት «ፈንድቶ» እና «ሲደርቅ» የሚሉት ሁለቱ ግሦች ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ ቃል የሚመረጠው በጆሮ ብቻ አይደለም፤ ከምድር በታችና በላይ የተፈጸመውን ነገር ለይቶ ያወቀ ሰው ግሡ ራሱ ይመጣለታል። ስለዚህ መልሴ ከሰዋስው ይልቅ ስለ አለቱ የሚያወራ ቢመስልዎት አይግረምዎት።

በመጀመሪያ «እሳት» የሚለውን እንመልከት። ብዙ ሰው ከእግራችን በታች የሚነድ እሳት ወይም የቀለጠ ባሕር ያለ ይመስለዋል፤ በጽሑፍም «በምድር ውስጥ የሚቃጠለው እሳት ሲወጣ» የሚል አገላለጽ ደጋግሞ ያጋጥመናል። ነገር ግን ከምድር ቅርፊት በታች ያለው፣ ማንትል የሚባለው ክፍል፣ እጅግ የጋለ ቢሆንም በአብዛኛው ጠጣር ነው፤ ከላዩ የተጫነው ክብደት እንዳይቀልጥ ጨምቆ ይይዘዋልና። እንደ አፋር ባለ ቦታ የምድር ቅርፊት ወዲያና ወዲህ ሲሳብና ሲሳሳ የጋለው አለት ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲነሣም ጫናው ስለሚቀንስለት ሙቀት ሳይጨመርበት ከፊሉ ይቀልጣል። በሌሎች የዓለም ክፍሎች፣ አንዱ የምድር ንጣፍ ከሌላው ሥር በሚገባበት ቦታ፣ አለቱ እንዲቀልጥ የሚያደርገው ከጠላቂው ንጣፍ የሚወጣው ውኃ ነው። በሁለቱም ቦታ የሚቃጠል ነገር የለም። ስለዚህ ትክክለኛው ግሥ «ቀለጠ» እንጂ «ነደደ» ወይም «ተቃጠለ» አይደለም፤ በላቫ ጎዳና ላይ የቆመ ዛፍ ግን በእርግጥ ይቃጠላል፣ ይነድዳልም።

ታዲያ «እሳተ ገሞራ» የሚለው ስም ስሕተት ነው ማለት ነው? አይደለም። ቃሉ በግእዝ የአያያዝ ሥርዓት «የገሞራ እሳት» ማለት ሲሆን መነሻው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 የተጻፈው የሰዶምና የገሞራ ጥፋት ነው። በዚያ ትረካ ዲንና እሳት የዘነበው ከሰማይ ነው፤ እኛ ስሙን የሰጠነው ደግሞ ከምድር ለሚወጣው ነው። ይህ ልዩነት ስሙን አያፈርሰውም። ቃል አንድ ጊዜ በሕዝብ አፍ ከጸና በኋላ ትርጉሙን የሚወስነው አጠቃቀሙ ነው፤ እኔም ይህን የመሰለ ጽኑና ውብ ቃል በሌላ ይተካ ከሚሉት ጋር አልስማማም። የሚያስፈልገው የቃሉን ወሰን ማወቅ ነው። በዛሬው አጠቃቀማችን «እሳተ ገሞራ» አንዳንድ ጊዜ ቅልጡ አለት የሚወጣበትን አፍና በአፉ ዙሪያ የተከመረውን ተራራ፣ አንዳንድ ጊዜ ድርጊቱን፣ አልፎ አልፎም የሚፈሰውን ቅልጥ ራሱን ያመለክታል። በክፍል ውስጥ ግን ለቦታው ብቻ ቢወስኑት፣ ድርጊቱን «የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ» ወይም «የእሳተ ገሞራ ፍሰት» ቢሉት፣ የሚፈሰውንም «ላቫ» ቢሉት ተማሪው አይደናገርም።

አሁን ወደ «ፈነዳ» እንምጣ። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ከአንድ በላይ ግሥ አለው፤ ይሁን እንጂ በጽሑፋችን «ፈነዳ» ሌሎቹን ሁሉ ውጧቸዋል። ፍንዳታ የሚመጣው በጋዝ ነው። ማግማ፣ ማለትም ገና ወደ ገጸ ምድር ያልወጣው ቅልጥ አለት፣ በጥልቀት ሳለ የውኃ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የዲን ጋዝ በውስጡ ሟሙተው ይኖራሉ፤ ወደ ላይ ሲቀርብና ጫናው ሲቀልለት አረፋ ሆነው ይለያሉ። ቅልጡ ቀጭን ከሆነ ጋዙ በቀላሉ አምልጦ ይሄዳል፣ ቅልጡም ተከትሎት ይፈስሳል። ቅልጡ ሲሊካ (አሸዋ በብዛት የተሠራበት ንጥረ ነገር) የበዛበትና ወፍራም ከሆነ ግን ጋዙ ታፍኖ ይቆይና በመጨረሻ አለቱን በጣጥሶ አመድ ያደርገዋል። «ፈነዳ» በሙሉ መብቱ የሚነገረው ለዚህኛው ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ደርሷል። በዚህ ላይ «ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ» ያለ ጸሐፊ ቃሉን በቦታው አውሎታል።

የኤርታሌ ነገር ሌላ ነው። ኤርታሌ የሚታወቀው በአናቱ ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በቆየው የላቫ ሐይቅ ነው፤ ቅልጡም ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት የሚንቀሳቀስ፣ ሲረጋ ባዛልት የሚባለውን ጠቆር ያለ ድንጋይ የሚሆን ቀጭን ቅልጥ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ከጠርዙ ሲያልፍ «ገነፈለ» ማለት ከ«ፈነዳ» እጅግ የተሻለ ነው፤ ወደ ሜዳው ሲወርድ «ፈሰሰ»፣ ጢሱ ሲነሣ «ተትጎለጎለ»፣ የቅልጥ ፍንጣሪ ወደ ላይ ሲረጭ ደግሞ «ተፋ» ይባላል። እነዚህን ግሦች ማንም አማርኛ ተናጋሪ ከልጅነቱ ያውቃቸዋል፤ ዜና ስንጽፍ ብቻ ለምን እንደምንተዋቸው ይከነክነኛል።

ከዚህም አልፎ ምንም ያልወጣበት ጊዜ አለ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቆ፣ ክፍተቱን ማግማ ከሥር ሞላው። ወደ ገጸ ምድር የወጣው ግን ጥቂት አመድና ጥቂት ቅልጥ ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ሥራ የተሠራው ዓይን በማያይበት ቦታ ነው። ይህን «ግዙፍ እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ብሎ መጻፍ ለአንባቢ የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል፤ «ማግማ በስንጥቁ ገባ» ወይም «ስንጥቁን ሞላው» ቢባል ግን ነገሩ በልኩ ይገለጻል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻም በአፋር ክልል በዶፋን ተራራ አጠገብ እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ በኃይል ሲወጣ ወዲያው «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ተብሎ ተወራ። የወጣው ላቫ አልነበረም። በየዕለቱ በመሬት መንቀጥቀጥ ቤቱ እየተናወጠ ላለ ቤተሰብ «እንፋሎት ወጣ» እና «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት የዋዛ አይደለም፤ አንዱ ተጠንቅቆ የመጠበቅ፣ ሌላው ልጅ አቅፎ የመሸሽ ጉዳይ ነውና። ግሥ መምረጥ የሥነ ጽሑፍ ጌጥ ነው ብለው ለሚያስቡ ይህን ምሳሌ ደጋግሜ አነሣላቸዋለሁ።

ባልደረባዎ «ጎንደር እሳተ ገሞራ የለም» ማለታቸው ዛሬን ብቻ ካየን ልክ ነው። የድንጋዩን ዘመን ካየን ግን አይጸናም። ጎንደር የተቀመጠችበት ከፍተኛ ምድር በአብዛኛው የተገነባው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በምድር ታሪክ አጭር በሚባል ጊዜ ውስጥ፣ ንብብር በንብብር ላይ ከፈሰሰ ባዛልት ነው። ያ ሁሉ ላቫ የወጣው በዋናነት ከሾጣጣ ተራራ አናት ሳይሆን ከረጃጅም የምድር ስንጥቆች ስለሆነ፣ እዚህ የተራራ አፍ ፈልጎ ያጣ ሰው «እሳተ ገሞራ አልነበረም» ብሎ መደምደም የለበትም። ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ የወረደ ሰው የላቫውን ንብብሮች እንደ ደረጃ ተደርድረው ያያቸዋል፤ በመካከላቸው እዚህም እዚያም የሚታዩት ቀያይ መስመሮች አንዱ ፍሰት ካበቃ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ድረስ የነበረው አፈር ናቸው፤ ተከታዩ ላቫ ከላይ ሲያርፍባቸው ተጠብሰዋል። ከዚያ ንብብር በላይ የተነሣው የሰሜን ተራራ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ዳሸንን ጨምሮ፣ ራሱ የጥንት ሰፊ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው። ወደ ባሕር ዳር ሲኬድም በአዲስ ዘመን አቅራቢያ ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመው አለት፣ በአንድ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ ረግቶ የቀረ ቅልጥ ሲሆን፣ በዙሪያው የነበረው ልል ክፍል በዝናብና በነፋስ ተሸርሽሮ ስለሄደ ነው ተጋልጦ የቆመው።

እንግዲህ በ17ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ፋሲለደስ ግንባቸውን ሲያሠሩ ግንበኞቹ በኖራ ያያያዙት ጠቆር ያለ ድንጋይ ባዛልት ነው። በአንዳንዶቹ የነገሥታት ሕንጻዎች በርና መስኮት ዙሪያ የሚታየው ቀላ ያለው፣ ለመጥረብ የሚመቸው ድንጋይ ግን የእሳተ ገሞራ አመድ ተከማችቶና ተጣብቆ የሆነ ነው። ስለዚህ በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ግሦች ጎን ለጎን ቆመዋል፦ ጥቁሩ የፈሰሰው፣ ቀዩ የፈነዳው። ተማሪዎችዎን ወስደው ቢያሳዩዋቸው ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ የሚገባቸው ይመስለኛል።

«ኢግኒየስ አለት»ን «የእሳተ ገሞራ አለት» ብሎ ማስተማር ግን አይገባም። ኢግኒየስ የሚባለው ከቅልጥ የረጋ አለት ሁሉ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ከእነዚህ አንዱ ወገን ብቻ ነው። ሌላው ወገን ወደ ላይ ሳይደርስ በምድር ሆድ ውስጥ የቀረው ነው። በዚያ ጥልቀት ሙቀቱ ቀስ እያለ፣ በሺህና በብዙ ሺህ ዓመታት ስለሚለቅ፣ ማዕድናቱ ለማደግ ጊዜ ያገኙና በዓይን የሚለይ ፍሬ ይፈጥራሉ። ግራናይት እንዲህ ያለ ነው። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶችም በተለምዶ ግራናይት ይባሉ እንጂ የተጠረቡት ኔፌሊን ሳይናይት ከተባለ የግራናይት ዘመድ ነው፤ ይህም ከምድር በታች የረጋ አለት ነው። ላቫ ግን በአየር ላይ ቶሎ ስለሚረጋ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ይሆናል፤ በአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ ላይ የምናያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ሊወጡ ሲሉ የተያዙ የጋዝ አረፋዎች ናቸው። ከሁሉ ፈጥኖ የረጋው ፍሬ እንኳ ለመያዝ ጊዜ ሳያገኝ መስተዋት ይሆናል፤ ያ ባልጩት ነው። ስለዚህ የጎንደርን ግንብ ድንጋይ «የእሳተ ገሞራ አለት» ብንለው ልክ ነው፤ የአክሱምን ሐውልት ድንጋይ እንዲሁ ብንለው ስሕተት ነው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ለመጥራት «ከቅልጥ የረጋ አለት» ወይም ተማሪው የለመደውን «ኢግኒየስ አለት» መጠቀም ይቻላል። «ቅልጥ አለት» የሚለውም መልካም ነው፤ ነገር ግን ከታች ያለውንና ከላይ የወጣውን ስለማይለይ፣ መለየት ባስፈለገ ጊዜ «ማግማ» እና «ላቫ» የሚሉትን የውጭ ቃላት መጠቀም አያሳፍርም።

«ረጋ» የሚለውን ግሥ እስካሁን ደጋግሜ ያመጣሁት ሆነ ብዬ ነው። «ደረቀ» ውኃ ወይም እርጥበት ለለቀቀ ነገር የሚነገር ነው፤ ልብስ ይደርቃል፣ ጭቃ ይደርቃል። ላቫ የሚጠጥረው ውኃ ስለ ለቀቀ ሳይሆን ሙቀቱን ስለ ለቀቀ ነው። የተነጠረ ቅቤ ሲቀዘቅዝ ደረቀ እንደማንለው፣ ረጋ እንደምንለው ሁሉ፣ የላቫም ግሥ «ረጋ» ነው፤ ጥንካሬውን ለመግለጽ ሲፈለግ «ጠጠረ» ሊባል ይችላል። እንግዲህ የተማሪዎ ዓረፍተ ነገር «የፋሲል ግንብ የታነጸበት ጥቁር ድንጋይ በጥንት ዘመን ከምድር ስንጥቅ የፈሰሰ ላቫ ረግቶ የተገኘ ነው» ተብሎ ቢቃና ቃሉም ሳይንሱም ይስማማል። ለተማሪው ግን ዋናውን ነገር እንደ ተረዳ ሳይነግሩት ማረሚያውን ብቻ እንዳይሰጡት አደራ እላለሁ።

ስለ ብዙ ቁጥሩ መልሱ አጭር ነው። ቃሉ ሁለት ክፍል ቢኖረውም በአማርኛ እንደ አንድ ስም ስለሚሠራ፣ የብዙ ቁጥርና የውስንነት ምልክት የሚጨመረው በመጨረሻው ክፍል ላይ ነው፦ እሳተ ገሞራዎች፣ እሳተ ገሞራው፣ የእሳተ ገሞራው አፍ። «እሳቶች ገሞራ» ወይም «እሳቱ ገሞራ» አይባልም። ቅጽል ሲያስፈልግ «እሳተ ገሞራዊ» ይጻፋል፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሰረዝ ማስገባት ግድ አይደለም፣ ያስገባም አልተሳሳተም፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ይገባል።