ዋጋው ተቀይሮ ስክሪኑ ሳይቀየር ሲቀር

በደብሊው ፒ ኤፍ (የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ፕሮግራም መሥሪያ) የተሠራው የዕቃ መመዝገቢያዎ ሲከፈት ዋጋውን በትክክል ያሳያል። «አስላ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ግን ዲበገሩ (ኮዱ ሲሠራ ውስጡን የሚያሳየው መሣሪያ) አዲሱን ቁጥር እያሳየ ስክሪኑ አሮጌው ላይ ይቀራል፤ መስኮቱን ዘግተው ሲከፍቱት አዲሱ ይመጣል። በዝርዝሩ ገጽ ላይ ደግሞ የመረጡት ረድፍ በየጊዜው ይጠፋብዎታል። መስኮቱን ዘግተው መክፈትዎን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ጥርጣሬዬን ወደ አንድ ቦታ የወሰደው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ዋጋ ከታየ ባይንዲንጉ (ስክሪኑን ከኮዱ ዋጋ ጋር የሚያገናኘው ክር) የያዘው ስም ትክክል ነው፣ ዳታ ኮንቴክስቱም (ገጹ ዋጋዎቹን የሚያነብበት ኦብጀክት) በቦታው አለ። የገጹን መልክ የያዘውን የዛምል ፋይል አይነካኩት። ችግሩ ክላስዎ (ዋጋውን የያዘው የኮድ ክፍል) ዋጋው መለወጡን አለመናገሩ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የዳታቤዙን ቅጂ ያዘጋጁና በቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ። የጽሑፍ ሳጥን ሌላ ካልታዘዘ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ለሙከራ የጻፉት ቁጥር ከሳጥኑ እንደወጡ ወደ ፕሮፐርቲው (ዋጋውን ወደያዘው የክላሱ አባል) ይገባል፤ ከዚያም ወደ ዳታቤዙ ሊደርስ ይችላል።

ስክሪኑ መስታወት አይደለም። ባይንዲንግ ዋጋውን አንድ ጊዜ ያነብና ይቀመጣል፤ ዳግም የሚነሣው «ፕሮፐርቲ ቼንጅድ» የተባለው ኢቬንት (የለውጥ ማስታወቂያ) ሲጠራው ነው። ኢቬንቱ ይዞ የሚመጣው ደግሞ አዲሱን ዋጋ ሳይሆን የተቀየረውን ፕሮፐርቲ ስም ነው። ባይንዲንጉ ስሙ የሚከታተለው መሆኑን ሲያይ ራሱ ሄዶ ያነባል። እንግዲህ ስሙ በአንድ ፊደል ቢሳሳት የሚሰማ የለም፣ የስህተት መልእክትም አይወጣም። ኢቬንቱ ዋጋው ከመቀመጡ በፊት ቢጠራ ደግሞ የሚነበበው አሮጌው ነው። ከየቦታው ተገልብጠው በሚለጠፉ መሠረታዊ ክላሶች ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል ተገላብጦ ስንት ጊዜ አግኝቼዋለሁ! ጥቂት መስመር ነው፤ ራስዎ ይጻፉት። ስሙንም እ.ኤ.አ. በ2012 ከሲ ሻርፕ ቋንቋ 5ኛ ስሪት ጋር የመጣው «ኮለር ሜምበር ኔም» (የጠራውን ፕሮፐርቲ ስም ራሱ የሚያስገባ ምልክት) ይሙላልዎት።

ክላሱ ይህን ኢቬንት የያዘውን «አይ ኖቲፋይ ፕሮፐርቲ ቼንጅድ» ኢንተርፌስ ይተግብር፤ ሴተሩ (ፕሮፐርቲው አዲስ ዋጋ የሚቀበልበት ኮድ) ዋጋውን አስቀምጦ ኢቬንቱን ይጥራ። ከዚያ ሴተሩ ላይ ማቆሚያ ነጥብ (ብሬክፖይንት) አድርገው ቁልፉን ይጫኑ። ካልቆመ የስሌቱ ኮድ በፕሮፐርቲው በኩል ሳያልፍ የግል መስኩን (ዋጋው የሚቀመጥበትን ተለዋዋጭ) በቀጥታ እየቀየረ ነው፤ ያስተካክሉት። ጠቅላላ ድምሩ ከዋጋና ከብዛት የሚሰላ ከሆነ የሁለቱም ሴተሮች ኢቬንቱን በድምሩም ስም ይጥሩ።

ወደ ዝርዝሩ ስመጣ ያናድደኛል። ከእርስዎ በፊት የሠራው ሰው ዳታ ኮንቴክስቱን ባዶ አድርጎ መልሶ ይሰጣል። ይህ ጥገና አይደለም፤ ገጹ ሁሉ እንደ አዲስ ይያያዛል፣ የመረጡትም ረድፍ አብሮ ይሄዳል። ሁለቱን መስመሮች ያጥፉና ተራውን ሊስት ለውጡን ራሱ በሚናገረው ዝርዝር፣ በኦብዘርቫብል ኮሌክሽን፣ ይተኩ። እሱም የሚናገረው ረድፍ ሲጨመር፣ ሲወጣ ወይም ሲተካ ነው፤ በረድፉ ውስጥ ያለው ዋጋ ሲቀየር የሚናገረው የረድፉ ክላስ ራሱ መሆን አለበት።

አሁንም ካልሠራ በባይንዲንጉ ላይ ትሬስ ሌቭልን (የክትትሉን ዝርዝርነት) «ሃይ» ያድርጉና የአውትፑት መስኮቱን ይዩ፤ ጥሪው ደርሶ እንደሆነ ይጽፍልዎታል። ይህንንም ሲሞክሩ በቅጂው ላይ ይሁን፤ በእውነተኛው ዳታቤዝ ላይ አይሞክሩ።