የአላስካ ክሩዝ፦ ምን እንያዝ? ወርደንስ ምን እንይ?

በዚህ ሰሞን የአላስካ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ጥያቄ በዝቶብኛል። ሲያትል ስለምኖርና ከዚህ በሚነሱት መርከቦች ደጋግሜ ስለሄድኩ፣ ሰዉ ሻንጣ ከማሸጉ በፊት እኔ ጋ ይደውላል። በመጨረሻ «ጥያቄያችሁን ላኩልኝ፣ አንድ ላይ እመልሳለሁ» አልኩ። የመጣው ይኸው። አብዛኛው ሰው የሚሄደው የሰባት ሌሊቱን ጉዞ ነው፦ ከሲያትል ወደ አላስካዎቹ ኬቺካን፣ ጁኖና ስካግዌይ፣ ከዚያ የካናዳዋ ቪክቶሪያና ወደ ሲያትል መመለስ። የወደቦቹ ቅደም ተከተል ከመርከብ መርከብ ይለያያል። እኔም የምመልሰው ይህንን መስመር ይዤ ነው።

ጥያቄ፦ ጁላይ ላይ ነው የምንሄደው። ባለቤቴ ለሁላችንም ወፍራም የክረምት ጃኬት ልትገዛ ተነስታለች። ያስፈልጋል?

ገንዘባችሁን አታባክኑ። ጁላይ ላይ ጁኖ ቀን 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ ሌሊት ወደ 10 ይወርዳል። የአዲስ አበባን ሐምሌ አስበው፤ ደመናውም ካፊያውም ያው ነው። ሰውን የሚያማርረው ዝናቡ ነው። ኬቺካን በዓመት 3,800 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ ከአዲስ አበባ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ስለዚህ ደረብ ደረብ አድርጉ። ከውስጥ ቀጭን የሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ ከላዩ ፍሊስ ወይም ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት። «ውሃ ይቋቋማል» የሚለውና «ውሃ አያስገባም» የሚለው ጃኬት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ካፊያ ይችላል፣ ከዚያ እጅ ይሰጣል። ቤት ያለውን ጃኬት ለብሰህ ሻወር ሥር አምስት ደቂቃ ቁምበት። ትከሻው ላይ ባለው ስፌት በኩል ውሃ ከገባ፣ መግዛት ያለብህ ውሃ የማያስገባ ጃኬት ነው።

ጂንስ ለእራት ይሁን፣ ለጉብኝት ግን አይሆንም። አንዴ ከረጠበ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ እስከ ማግስቱ አይደርቅም። ሌላ ሰው የማይነግርህን ልንገርህ፦ የመርከብ ክፍል ግድግዳ ባብዛኛው ብረት ነው። ማግኔት ያላቸው ማንጠልጠያዎች ይዘህ ግባ። አራት እርጥብ ጃኬት የት ልስቀል ብለህ አትጨነቅም።

ጥያቄ፦ ጋቢ ልያዝ? እንዳትስቂብኝ።

ኧረ አልስቅም፣ እኔም እይዛለሁ። ለዝናብ ግን አይሆንም፤ ጥጥ ስለሆነ ውሃውን ይጠጣና ከብዶ ይቀዘቅዛል። የጋቢ ቀኑ መርከቡ የበረዶ ግግር ፊት የሚቆምበት ቀን ነው። ያን ቀን ከበረዶው ላይ የሚነሳው ነፋስ ሌላ ዓለም ነው፣ ጁላይም ቢሆን ጓንትና የሱፍ ኮፍያ ያስፈልጋል። በረንዳ ያለው ክፍል ከያዝሽ ጋቢሽን ተከናንበሽ ቁጭ በይ።

ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ መርከብ ካገኘሽ እሱን ምረጪ። ፓርኩ በቀን ከሁለት በላይ ትላልቅ የክሩዝ መርከብ አያስገባም። የፓርኩ ጠባቂዎች መርከቡ ላይ ወጥተው በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ። ማርጀሪ የሚባለው ግግር ፊት መርከቡ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ይቆማል። ቤት የሚያክል በረዶ ሲገመስ መጀመሪያ በዓይንሽ ታዪዋለሽ፣ ነጎድጓዱ ቆየት ብሎ ይመጣል። ድምፁን ሰምተሽ ስልክ ካነሳሽ አልቆልሻል። አንዳንዱ መርከብ በዚህ ፈንታ ኤንዲኮት አርም ወይም ሃባርድ ወደሚባሉ ሌሎች የበረዶ ቦታዎች ይሄዳል፤ ከመክፈልሽ በፊት የትኛው እንደሆነ እዪ።

ጥያቄ፦ አራት ነን። ሁሉም ወደብ ላይ ጉብኝት ልግዛ ብል ከቲኬቱ በለጠብኝ። የትኛውን ልተው?

አንድ ትልቅ ግዛ፣ አንድ መካከለኛ ጨምር፣ ሌላውን በእግርህ ሂድ። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው።

ትልቁን ብር ጁኖ ላይ አውጣ። ጁኖ የአላስካ ዋና ከተማ ሆና ሳለ ከሌላ ቦታ በመኪና የሚያስገባ መንገድ የላትም፤ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ነው። ከኦክ ቤይ በትንሽ ጀልባ የሚወጣው የዓሣ ነባሪ ጉብኝት ገንዘቡን ያወጣል። ለአንድ ሰው 150 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። ጀርባው ብቅ ይላል፣ እንፋሎቱን ሽቅብ ይተፋል፣ ከዚያ ጭራው ቀና ካለ ጠልቆ ሊገባ ነው፤ ለደቂቃዎች አይመለስም። ሰዉ ሁሉ ስልኩን የሚያወርደው ያኔ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ባይሆንም ለቤተሰቡ አንድ ባይኖኩላር ያዙ። የሜንደንሆል የበረዶ ግግርም ከወደቡ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከጎብኚ ማዕከሉ እስከ ነገት ፏፏቴ የሚወስደው መንገድ ለጥ ያለ ነው፣ ደርሶ መልስ 3 ኪሎ ሜትር ከምናምን። ድርጅቶች በፈቃድ የሚወስዱት ሰው ቁጥር የተገደበ ስለሆነ በዋዜማው ብትጠይቅ ላታገኝ ትችላለህ፤ ቀድመህ ያዝ። ዓሣ ነባሪውንና ግግሩን አንድ ላይ የሚያስጎበኙም አሉ።

በሄሊኮፕተር በረዶው ላይ ወጥቶ ውሻ የሚጎትተው ጋሪ ላይ መንሸራተት የብዙ ሰው ምኞት ነው። ለአንድ ሰው ከ500 ዶላር በላይ ነው፣ ለአራታችሁ አስላው። ጉም ከወረደም ይሰረዛል። ድርጅቱ በአየር ሁኔታ ከሰረዘ ብሩን ይመልሳል፤ ቀኑን ግን ማንም አይመልስልህም። ልጆቹን በዚህ ተስፋ ከሲያትል ይዘሃቸው አትምጣ።

መካከለኛው የስካግዌይ ባቡር ይሁን፣ ከታች አለ። ኬቺካን ላይ ምንም አትግዛ። ክሪክ ስትሪት የሚባለውን፣ ወንዝ ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመውን ሰፈር በነፃ ትዞራለህ። ኦገስት ላይ ከሆንክ ሳልመኑ ወንዙን ሽቅብ ሲታገል ድልድዩ ላይ ቆመህ ታያለህ። የእንጨቱ መንገድ ሲረጥብ ያንሸራትታልና የጫማህ ሶል ልሙጥ አይሁን። ብቻ መርከብህ ዋርድ ኮቭ የሚቆም ከሆነ ከከተማው 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ አውቶቡስ መጠበቁን ከጊዜህ ቀንስ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጉልበቴን ያመኛል። ልጆቼ «እማዬ እንሂድ» ብለው ያዙኝ። መርከቡ ላይ ቁጭ ብዬ ልቅር ወይ?

እማማ፣ ስካግዌይ ላይማ አይቀሩም! የዋይት ፓስ ባቡር የተሠራው ለእርስዎ ነው። ከ1898 እስከ 1900 በወርቅ ፍለጋው ዘመን የተሠራ ነው፤ የእኛ የጅቡቲ ባቡር ሥራ በተጀመረ በዓመቱ እንደማለት። ከባሕር ጠለል ተነስቶ በ32 ኪሎ ሜትር ውስጥ 873 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጣል። ደርሶ መልሱ ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ እርስዎ ተቀምጠው ነው። ሲወጣ ገደሉና ፏፏቴው በግራ በኩል ነው። ቀኝ ቢደርስዎ አይዘኑ፣ ሲመለስ ሰዉ ወንበር ይቀያየራል። ልጆችዎ ቲኬቱን ሲገዙ ደረጃ መውጣት እንደሚከብድዎ ይናገሩ፣ በማንሻ የሚያስገቡበት ፉርጎ አለ።

ጥያቄ፦ ጉብኝቱን ከመርከቡ ልግዛ ወይስ ውጭ ካሉት? ውጭ ይረክሳል ይሉኛል።

ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ሰውም ያንሳል። ልዩነቱ አንድ ነው። ከመርከቡ የገዛሽው ጉብኝት ከዘገየ መርከቡ ይጠብቅሻል ወይም ኩባንያው በራሱ ወጪ ያደርስሻል። በራስሽ ወጥተሽ ከዘገየሽ መርከቡን ሲሄድ ከወደቡ ላይ ቆመሽ ታዪዋለሽ፤ ቀጣዩ ወደብ ድረስ አውሮፕላን በኪስሽ ነው። በራስሽ ከገዛሽ ከመሳፈሪያው ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ የሚያልቀውን ምረጪ። ደግሞ አላስካ ከሲያትል አንድ ሰዓት ወደኋላ ነው። ስልክሽ በራሱ ይቀየራል፣ መርከቡ ግን የራሱን ሰዓት ሊይዝ ይችላል። የእጅ ሰዓት አድርጊና በመርከቡ ሙዪው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ በጉብኝት ቪዛ መጥታለች። ጉዞው ከአሜሪካ ተነስቶ አሜሪካ ስለሚመለስ ቪዛ አያስፈልጋትም አይደል?

ያስፈልጋታል። ጥያቄዎቹ ሁሉ ቢረሱ ይህ አይረሳ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ጎብኚ ለቪክቶሪያ የካናዳ ቪዛ መያዝ አለበት። «ከመርከቡ አልወርድም» ማለት አያድንም፤ ሲያትል ላይ ሳትሳፈር ትመለሳለች። የአሜሪካ ቪዛዋም ደጋግሞ የሚያስገባና ጊዜው ያላለፈ ይሁን፣ ከካናዳ መልሳ ትገባለችና። አንተ ግሪን ካርድ ካለህ የካናዳ ቪዛ አትጠየቅም፣ ግን ግሪን ካርዱንም ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርትህንም ያዝ። ፓስፖርቱን ብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ ረስቶት ጊዜው አልፎበታል።

ቪክቶሪያ ለምን ተጨመረች የሚል ካለ፦ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። የውጭ ሰንደቅ ዓላማ የያዘ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ የውጭ ወደብ ሳይነካ መንገደኛ ይዞ መዞር አይችልም። የክሩዝ መርከቦቹ ደግሞ አብዛኞቹ እንደ ባሃማስና ፓናማ ባሉ የውጭ አገሮች የተመዘገቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምንሄደው በፍልሰታ ነው። የጾም ምግብ እናገኛለን? ቡናችንንስ ማፍላት ይቻላል?

ጾሙ ኦገስት 7 ነው የሚገባው፣ ሳልመኑ በሚትረፈረፍበት ሰሞን፤ ፈተና ነው። «ቪጋን» ብላችሁ ከጉዞው ሁለት ወር በፊት ለኩባንያው አስመዝግቡ። የመጀመሪያው ማታ ደግሞ ለአስተናጋጁ ቅቤም ወተትም እንቁላልም እንደማትበሉ በቃል ንገሩት። በየማታው የነገውን ዝርዝር ያመጣላችኋል። ሃላል የጠየቁኝም መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ ቀድሞ ማስመዝገብ።

ቡናው ግን አይሆንም። ከሰል፣ እጣን፣ ሻማ፣ ምድጃ፣ ልብስ መተኮሻም ጭምር መርከብ ላይ ክልክል ነው፤ ሻንጣው ሲፈተሽ ይወሰዳል። ቤት የተሠራ ምግብም በብዙዎቹ አይገባም። ከሱቅ የተገዛ የታሸገ ቆሎ ግን ያልፋል። ወደብ ላይ ስትወርዱ ፍራፍሬና ሥጋ ይዛችሁ አትውረዱ።

ጥያቄ፦ ባሕር ያዞረኛል።

አብዛኛው መንገድ በደሴቶች መካከል ስለሆነ ባሕሩ ረጋ ያለ ነው። የሚንጠው ከቫንኩቨር ደሴት ውጭ ክፍት ውቅያኖስ ላይ ሲወጣ ነው፤ ማለትም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን። መካከልና ዝቅ ያለ ወለል ላይ ክፍል ያዝ። መድኃኒት ከሐኪምህ ጋር ተነጋግረህ ከመነሳትህ በፊት ውሰድ፤ ካዞረህ በኋላ ብዙም አይረዳም።

ጥያቄ፦ ሜይ ይሻላል ወይስ ሴፕቴምበር? ሁለቱም ይረክሳሉ።

ሜይ። ዝናቡ ያኔ ያንሳል፣ ተራራውም ገና በረዶ አለው። ሴፕቴምበር ዝናቡ የሚብስበት ነው። ድብ ለማየት ካልጓጓህ በቀር ሴፕቴምበርን ተወው፤ ሳልመኑ ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ሲመጣ ድቡም አብሮ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ስልክ ይሠራል?

ወደቦቹ ላይ ይሠራል። ባሕር ላይ ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉት። የመርከቡን ኔትወርክ ሳታውቁት ከያዘ የሚመጣው ቢል የጉብኝት ዋጋ ነው።

ጥያቄ፦ ቪክቶሪያ የምንደርሰው ማታ ነው። መውረድ ያዋጣል?

ያዋጣል። ከወደቡ እስከ መሀል ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የፓርላማው ሕንፃ ማታ ዙሪያውን በአምፖል ደምቆ ይታያል። ግን ከመውረዳችሁ በፊት አሽጉ። የመጨረሻው ማታ ትልቁ ሻንጣ ተቆልፎ በር ላይ ይቀመጣል፣ ሠራተኞቹ ሌሊት ይወስዱታል። የምትመለሱት በምሽት ደክሟችሁ ነው፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ጠቅጥቃችሁ ታስረክባላችሁ። የነገ ልብስ፣ ጫማ፣ መድኃኒትና ፓስፖርት በእጅ ቦርሳ ይቅር፤ በፒጃማ ኢሚግሬሽን ፊት መሰለፍ ካላማራችሁ በቀር።