«እማዬ እንዳትሰማ»፦ ከሲስተር ጋር ጥያቄና መልስ

ሲስተር በካንሰር ዋርድና በቤት ለቤት ማስታመም ብዙ ዓመት የሠሩ ነርስ ናቸው። እኛ የቡድናችን አባላት በሥራው ላይ ስለሚያከራክሩ ጉዳዮች በጽሑፍ ጠይቀናቸዋል።

ሲስተር፦ እንደምን ዋላችሁ። አስቀድሜ ልናገር፣ የመድኃኒት መጠን እዚህ አልናገርም። በሽተኛውን ሳላይ አይሆንም። በሉ ጠይቁ።

አስታማሚ ልጅ፦ እናቴ የጡት ካንሰር አለባት። ሐኪሙ ለእኛ ብቻ ነው የነገረን። ወንድሜ ከአሜሪካ እየደወለ «እማዬ እንዳትሰማ፣ በድንጋጤ ትሞታለች» ይላል። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ወንድምሽ ስለሚወዳት ነው። ግን በሽታው የእናትሽ ነው። ምን እንደያዛት ሳታውቅ ኬሞውን፣ የካንሰር መድኃኒቱን፣ እንዴት ትፈቅዳለች?

አንዲት እናት ነበሩ። ልጆቻቸው «እጢ ነው» ብለዋቸዋል። ግሉኮሱን ስቀይር የነጠላቸውን ጫፍ እየቋጠሩ እየፈቱ «ሲስተር፣ ይሄ የጎረቤቴን ፀጉር ያረገፈው ነው አይደል?» አሉኝ። ያውቁ ነበር። ልጆቼ እንዳያዝኑ ብለው ነው ዝም ያሉት። ከታላቅ እህታቸው ጋር ለዓመታት ተኳርፈው ኖረዋል። በግልጽ ከተነገራቸው በኋላ መጀመሪያ ያሉት «እህቴን ጥሩልኝ» ነው። ታረቁ። ብንደብቃቸው ኖሮ ሳይታረቁ ይሞቱ ነበር።

መርዶ እንኳን በሥርዓት ነው የሚነገረው። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ አጠገብ ቆሞ። ይሄም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ጠይቂያት፦ «እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ራስሽ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለኔ ይንገረኝ?» «ላንቺ ይንገርሽ» ካለችሽ እሱም የራሷ ውሳኔ ነው።

የመርካቶው፦ ለአጎቴ በነገሩት በሳምንቱ አረፈ። ተስፋ አስቆረጡት። ጸበል ልንወስደው ነበር።

ፋርማሲስቷ፦ ነፍስ ይማር። ግን የገደለው በሽታው ነው።

የመርካቶው፦ አንቺ አልነበርሽም! እኔ ነኝ ፊቱን ያየሁት።

ፋርማሲስቷ፦ ጸበል ብለው መድኃኒት አቁመው የሚመጡትን እኔም አያለሁ።

ሲስተር፦ ተዉ፣ አትጣሉ። ጸበል ይጠጣ፣ መድኃኒቱን ግን አያቁም። ወንድሜ፣ አጎትህን ኮሪደር ላይ በችኮላ ነግረውት ከሆነ ጥፋቱ አነጋገሩ ላይ ነው። ቀጥሉ።

ተማሪ ነርስ፦ ሃይማኖቴ ስለማይፈቅድ ፅንስ ማቋረጥ ላይ አልሠራም ብልስ?

ሲስተር፦ ለአለቃሽ ከተራሽ በፊት ንገሪ። እየደማች የመጣች ሴት ግን ጥለሽ አትሄጂም። ፅንስ ማቋረጥ መቼ እንደሚፈቀድ የሚናገረውን፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 አንብቢ።

አንድ አባል፦ ባልደረባዬ የታካሚ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀች።

ሲስተር፦ ዛሬውኑ ታጥፋው። የታካሚ ምስጢር ነው።

የጎንደሩ፦ ለአባቴ ሞርፊን የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዞለታል፣ ተረኛዋ ነርስ ግን ለመስጠት ፈራች። ሞት ያፋጥናል ይባላል። ስንት ይሰጠው?

ሲስተር፦ መጠን አልናገርም ብያለሁ። ፍርሃቱን ግን ልመልስ፣ ብዙ ሰው በዚህ ፍርሃት እየጮኸ ሞቷል። ከትንሽ ተጀምሮ ሕመሙ እየታየ የሚጨመር ሞርፊን አይገድልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለካንሰር ሕመም ደረጃ በደረጃ የሚሰጥበትን መመሪያ ያወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ሳንደርስም መጀመሪያ ነርስ ነበረች። በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን፣ የማይድኑ በሽተኞች የሚታመሙበትን ቤት፣ ከፈተች። መድኃኒቱ ሕመሙ ከመመለሱ በፊት፣ በሰዓቱ ይሰጥ ትል ነበር። በሽተኛው እስኪለምን አይጠበቅም። የሆድ ድርቀት መድኃኒት አብሮ ይታዘዝለት፣ ይሄን ብዙዎች ይረሱታል። ሲጠሩት ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ወዲያው ሐኪም ጥሩ። ተረኛዋ ከፈራች ያዘዘውን ሐኪም ትጠይቅ። ዝም ብላ መተው ግን በሽተኛውን ማሰቃየት ነው።

ሌላ አባል፦ ስለ ነርስ ሥነ ምግባር ምን ይላሉ?

ሲስተር፦ የቱን? ለይተህ ጠይቅ።

የአዳማዋ፦ ለአባታችን ካንሰሩን እንንገረው ወይስ እንደብቀው? ለሕመሙስ ስንት እንስጠው?

ሲስተር፦ ሁለቱንም መልሻለሁ እኮ! ከላይ አንብቡ። መጠን አልናገርም፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

አስታማሚ ልጅ፦ ሲስተር፣ ወንድሜ ተስማማ። «እኔ ራሴ በስልክ ልንገራት» ይላል።

ሲስተር፦ በስልክ አይሆንም የኔ ልጅ። አጠገቧ ሰው ይኑር። ቴሌቪዥኑን አጥፊና እጇን ይዘሽ ተቀመጪ። መስማት ከፈለገች ሐኪሙ አንቺ ባለሽበት ይንገራት። ወንድምሽ ማታ ይደውል፣ ያኔ ድምፁን መስማት ትፈልጋለች።