ፒንሳዬን ያስቀረብኝ ፍተሻ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ቁስል ነው ያመረቀዘብኝ። «ኳስ ልገባ ስል በር ላይ ዳሰሱኝ፣ ፓወር ባንኬን ተቀበሉኝ፣ ስልክህን ክፈት አሉኝ። ሕገ መንግሥቱ ይህን አይከለክልም ወይ? ለእሁድስ ምን ይሻለኛል?» ብለሃል። እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ሜዳውን አልጠራም። በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ካለው ከሐረጎ ዳገት በላይ ይሁን በታች ራስህ ገምት።

1. ሕግ የምትጠቅስ ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብበው። እኔ ኤሌክትሪሽያን ነኝ። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች የሚገናኙበት ቀን ነው፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር አንድ ቤት የመብራት መስመር ዘርግቼ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ሄድኩ። አንተም መቼስ ከሥራ በቀጥታ ነው የምትሄደው። ፈታሹ ቦርሳውን «ክፈት» ሲለኝ ስልኬን አወጣሁ። አንቀጽ 26ን ፎቶ አንስቼ ይዣለሁ! «ሰውነቴም ንብረቴም አይመረመርም፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው የሚለው» ብዬ ጮህኩ። ከኋላ ያለው ሰልፍ አፏጨ። አንድ ረጋ ያለ ፖሊስ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ንዑስ አንቀጽ 3ንስ አንብበዋታል?» አለኝ።

አላነበብኳትም። ፎቶው ላይ 1 እና 2 ብቻ ናቸው። 3 የምትለው፣ አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ መሠረት፣ ለሕዝብ ሰላም ወይም ወንጀልን ለመከላከል መብቱ ሊገደብ ይችላል ነው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀብኝ። ወላሂ ያን ቀን ያፈርኩትን በሠርጌ ቀንም አላፈርኩም።

2. ስታፍር አትቸኩል። ትልቁ ጥፋቴ ይኼ ነው። ከሳቁ ለማምለጥ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ጋ ለቆመው ባለ ሰደርያ ወርውሬለት ገባሁ። አልቆጠርኩም። ስሙን አልጠየቅኩም። ስወጣ ቦርሳው አለ፣ ቴስተሩ አለ፣ ሁለቱ ካቻቢቴዎች አሉ። ፒንሳዋ የለችም። ቀይ እጀታ ያላት፣ አንዱ እግሯ ተሰንጥቆ በጥቁር ናስትሮ የጠቀለልኳት። ሙያ ያስተማረኝ ሰውዬ ነበር የሰጠኝ።

በማግስቱ የሜዳው ቢሮ ሄድኩ። እዚያ የተቀመጠው ሰውዬ ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና ሳይል «ደረሰኝ አለህ?» አለኝ።
«ደረሰኝ ሰጣችሁኝ እንዴ?»
«ታዲያ ማስረከብህ በምን ይታወቃል?»
ሁለተኛ ቀን ነገ ና። ሦስተኛ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሥራ ፈትቼ ተመላለስኩ። በዚያ ገንዘብ ስንት ፒንሳ ይገዛ ነበር!

የእህቴ ልጅ ሕግ ተማሪ ነው። ሊያጽናናኝ ብሎ የአሜሪካኖቹን ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የእነሱ ፉትቦል፣ ያ በእጅ ይዘው የሚሮጡት፣ ሊጉ ተመልካች ሁሉ ከወገብ በላይ እየተዳሰሰ ይግባ ሲል፣ ታምፓ የሚባል ከተማቸው ላይ የዓመት ትኬት የነበረው አንድ መምህር ከሰሰ። የሚያስተምረው ደግሞ ሲቪክስ ነው። መጀመሪያ ረታ። በ2007 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍተሻ እንዳለ እያወቀ ስለገባ ፈቅዷል ብሎ ገለበጠበት። እኔ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው የተሳቀብኝ።

3. ስልክህ ግን ሌላ ነገር ነው። ኪስ መዳሰስና ቻት ማንበብ አንድ አይደለም። በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምትጻጻፈውን የሚጠብቀው የዚያው የአንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። ስልኩ የእውነት ስልክ መሆኑን ለማሳየት አብራው፣ ምንም የለውም። ቴሌግራምህን ክፈት ካሉህ «በየትኛው ሕግ ነው?» በል፣ አለቃቸውን ጥራ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነው ታዲያ። አትገባም ብለው ከመለሱህ ለጊዜው ተመለስ፣ እዚያ በር ላይ ማንም ዳኛ የለም።

እህትህን ወይ ሚስትህን ይዘህ የምትሄድ ከሆነ ሴት ፈታሽ ጠይቅ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 32፣ ተይዞ ያለን ተጠርጣሪ እንኳ ጾታው የሚመሳሰል ሰው ይፈትሸው ይላል። ትኬት ቆርጣ የመጣች ሴት ከተጠርጣሪ ታንሳለች?

የሚቀጥለው ጨዋታ ላይ ቦርሳውን ቤት ጣልኩት። ቴስተሯ ግን ከሸሚዝ ኪሴ አትወጣም፣ ልማድ ነው። «ይቺ አትገባም» አለኝ ፈታሹ። አልተከራከርኩም። የትኬቱ ጀርባ ላይ «አንድ ቴስተር ተቀብያለሁ» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶውን ዘረጋሁለት። አጉረመረመ። ዙሪያውን አየ። ፈረመ! ስወጣ ቴስተሬ ራሷ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማ ጠበቀችኝ። ትኬቱን እስከዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ቀይ እጀታ ጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለባት ፒንሳ ያየ ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ።